አባባ፣ ኤንትሬዋን ከግቢ አያውጧት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎንስ እንዴት አደረገዎ? እኔና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም።

ባለፈው ሰኞ በስልክ ያሉኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መኪናዬ ጠዋት አልነሳ አለች ስልዎ፣ «ቆርቆሮ ነው የገዛሽው! የኔ ኤንትሬ ተበላሽታ አታውቅም» አሉኝ፤ ያቺን አሮጌ የፊያት ጭነት መኪናዎን ማለትዎ ነው። ልጆቹ ለትምህርት ረፍዶባቸው ስለነበር ቶሎ ዘጋሁት። ይቅር ይበሉኝ። ማታ ደግሞ ወንድሜ ደወለና ለዓይን ሞራዎ ቀጠሮ ደሴ የምትሄዱት በኤንትሬ እንደሆነ፣ የድሮው ረዳትዎ እንደሚነዳት ነገረኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለዚህ ነው የምጽፍልዎ።

መጀመሪያ መኪናዬ ምን እንደነካት ልንገርዎ። እንደሚያውቁት የኤሌክትሪክ ናት። በ2016 በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ ለሚገዛ ሰው ያለው እሱ ነው። ከወለሉ ስር ያለው ትልቁ ባትሪ ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ ጢም ብሏል። መኪናዋ ግን ጭጭ። ባለሙያ መጥቶ ሲያያት የሞተችው ሌላ ባትሪ ሆና ተገኘች። ለካ ኮፈኑ ስር አንዲት ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለች። እርስዎ የሚያውቋት ዓይነት! ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰውና ትልቁን ባትሪ የምታገናኘው እሷ ናት። እሷ ከደከመች የትልቁ መሙላት ዋጋ የለውም። ከጎረቤት መኪና በኬብል ሰጠናትና ወዲያው ተነሳች።

ያኔ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ኤንትሬን ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ቁልቁለት አድርገው ነበር የሚያቆሟት። ባትሪ ቢደክም ረዳቱ ድንጋዩን ከጎማው ስር ያነሳል፣ ትንሽ ትንከባለላለች፣ እርስዎ ፍሪሲዮን ይለቃሉ፣ ትነሳለች። አንዴ ከተነሳች ደግሞ ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ በራሱ በሞተሩ ጉልበት ስለሚዞር ባትሪ ኖረ አልኖረ አሰብ ትገባለች። በዚህ አልከራከርዎም። የኔዋ በግፊ አትነሳም።

ግን አባባ፣ «ተበላሽታ አታውቅም» የሚሉት ልክ አይደለም። እኔ እኮ እዚያው ቤት ነው ያደግሁት። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ያ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ነድዶ ሚሌ ላይ ስንት ቀን እንዳደሩ ረሱት? በአራተኛው ቀን ይገባሉ ብለን ስንጠብቅ በአስራ አንደኛው ቀን መጡ። እጅዎ እስከ ክርንዎ ግራሶ ነበር። እማማ ያን ሰሞን ከበር አልተነሳችም። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ብድግ ትል ነበር።

ኤንትሬ በደንብ ትበላሽ ነበር። ግን በተበላሸችበት ቦታ፣ በሰው እጅ ትድን ነበር። የዘይት ቋቱን ጓርኒሲዮን ከካርቶን ቆርጠው ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ወንድሜ የሚነዳው አዲሱ የጭነት መኪና እንዲህ ያለ ነገር አይቀበልም። በድሮው ሞተር ናፍጣው የሚረጨው በ200 ባር ግፊት ገደማ ነው። በአዲሱ 2,000 ባር ይደርሳል። ለዚያ ግፊት የተሠራ ናፍጣ መርጫ ኖዝል ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ኤንትሬ ውጣ የምታልፈው የጀሪካን ቆሻሻ እሱን ይገድለዋል። ከዚያ ኮምፒውተር የያዘ ሰው እስኪመጣ መንገድ ዳር መቀመጥ ነው። ይህ እኔንም ያናድደኛል። ሰው የገዛውን ንብረት ከፍቶ ማየትና መጠገን መቻል አለበት።

በሌላ በኩል ያው የወንድሜ መኪና ጭነቷን ይዛ ጣርማ በርን ስትወጣ ቢያዩዋት! ኤንትሬ ከአሰብ ባሕር ዳርቻ ተነስታ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጣ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቷ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ታጣ ነበር። ያ ጥቁር ጭስ፣ ያ በአንደኛ ማርሽ የሰዓታት ማቃሰት ከዚያ የመጣ ነው። አዲሷ ቱርቦ ስላላት አየሩን ጨምቃ ትስባለች።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። «ያኔ የተሠራ ይኸው ዛሬም ቆሟል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ቆማለች። ግን ካምቢዮዋ ከየት መጣ? ዲፈረንሻሏስ? አንዱን ደብረ ሲና ከተገለበጠችው፣ ሌላውን ሶማሌ ተራ ከተበለተችው አይደል የገዙት? ግቢያችን ውስጥ ያለችው የሦስት መኪና ዕድሜ የበላች ናት። የሞቱትን ስለማናያቸው ነው ሁሉም የኖረ የሚመስለን።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ። የኤንትሬ ዘር የሆነው ፊያት 682 መጀመሪያ የወጣው እንደ አውሮፓውያን በ1952 ነው። ቮልቮ ባለ ሦስት ነጥቡን የደህንነት ቀበቶ መኪና ላይ የገጠመው በ1959። ኤንትሬ ስትነደፍ ሹፌሩን ስለማትረፍ ብዙም አልታሰበም። አፍንጫ የላትም፤ ሹፌሩን ከፊት የሚከልለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ጓደኛዎ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ሲሞት ሻሲው ብዙም አልተጎዳም ነበር። ብረቱ ተጠግኖ እንደገና ጭነት ጫነ። እርስዎ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ሥራ አልወጡም። ትንሽ ብሆንም ያን ወር አስታውሰዋለሁ። የዛሬ መኪና ሲጋጭ የሚጨማደደው የውስጡ ሰው እንዲተርፍ ነው። እንዲህ ያለውን ቆርቆሮ አይናቁብኝ።

ኤንትሬ ደግሞ ከቆመች ዓመታት አልፈዋል። ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። የአየር ፍሬኑ ጎማና ቱቦ ግን ቆሞም ያረጃል፣ ይሰነጣጠቃል። የሚታወቀው ፍሬኑ እምቢ ሲል ነው። የኮምቦልቻና የደሴን ጠመዝማዛ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለረዳቶችዎ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ የነበሩት እርስዎ፣ ፍሬኗ ያልታየ መኪና ላይ ሰው ያወጡ ነበር?

ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ ሐሙስ በወንድሜ መኪና ይሂዱ። ነግሬዋለሁ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደጅ ይቆማል። ቀበቶ ያስሩ።

ኤንትሬን ለቁራሌ ስጡ የሚልዎትን እንዳይሰሙ። እኔ ለአረፋ እመጣለሁ። በአውቶቡስ ነው የምመጣው፤ መኪናዬ እስከ እናንተ ያለውን 380 ኪሎ ሜትር በአንድ ሙሌት አትችለውም፣ በመንገዱ ቻርጅ ማድረጊያ አገኛለሁ ብዬ ልጆች ይዤ አልወጣም። አዲስ ባትሪና ዘይት አመጣላታለሁ። ትልቁ ልጄ በፎቶ እንጂ ስትነሳ ሰምቷት አያውቅም። ያኔ ዓይንዎም ተሽሎት ይሆናል፤ ከጎኑ ቁጭ ብለው እንዴት እንደምትነሳ ያሳዩታል። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ጎማዋ ስር ድንጋዩ እንዳለ።

ዱዓዎ አይለየን።

የምትወድዎት ልጅዎ፣
ከአዲስ አበባ