ያሻሻልነው ፍሬን ሊብሬ ላይ ይጻፍልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር

ክቡራን የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ግቢያችን ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር፣ አንዲት አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ሱፐር ቆማለች። የአባቴ ነበረች። እሱ ሲያርፍ ቤተሰቡ ትሸጥ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ከዚያ ወዲህ የቅዳሜ ከሰዓት ጊዜዬ የእሷ ነው። ዘይት የምቀይረው እኔ፣ ቫልቭ የማስተካክለው እኔ፣ ከሥሯ ተንጋልዬ የምውለውም እኔ ነኝ።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ላውራችሁ። ያለዚያ ጥያቄዬ አይገባም። ጁሊያ እ.ኤ.አ. በ1962 ጣሊያን አገር ሞንዛ ላይ ለሕዝብ የታየች መኪና ናት። ሱፐር የምትባለዋ በ1965 ተከተለች። ከሩቅ ስትታይ የክብሪት ቀፎ ነው የምትመስለው። ግን ንፋስ አሳምራ ትሰነጥቃለች። ሞተሯ 1570 ሲሲ ነው፤ ብሎኩም ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም። ሁለት ካምሻፍት፣ ሁለት ዌበር ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ)፣ አምስት ማርሽ፣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን። 98 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ክብደቷ ደግሞ አንድ ቶን ገደማ ነው። የጣሊያን ፖሊሶች ወንጀለኛ ያሳድዱባት የነበረው ያለ ነገር አይደለም። ዛሬም ከአዘዞ ወደ ከተማ ሽቅብ ስትወጣ ድምጿን የሰማ ሰው ዞር ብሎ ያያታል።

የኔዋ ከቀደሙት ስለሆነች ፍሬኗ ባለ አንድ መስመር ነበር። ይህ ማለት ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይት ከሚገፋው ፖምፓ የሚወጣው የፍሬን ዘይት አራቱንም ጎማ የሚያገኘው በአንድ መንገድ ነው። አንዲት ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ባዶ ይቀራሉ።

ፈነዳችም። ከሦስት ዓመት በፊት ከኮሶዬ ወደ ወለቃ ቁልቁል ስወርድ የኋላዋ ቱቦ ሄደች። ፔዳሉ ቅቤ የረገጥኩ ያህል ሰመጠ። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ አወረድኩ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። በመጨረሻ የመንገድ ዳር የአፈር ክምር ተቀበለን። ማናችንም አልተጎዳንም። ልጄ ግን ለብዙ ሳምንት ከኋላ ወንበር አልቀመጥም ብላ ነበር። እኔም ሌሊት ስነቃ ያንን ፔዳል እግሬ ሥር አገኘው ነበር።

ስለዚህ ፍሬኑን ቀየርኩት። ባለ ሁለት መስመር ፖምፓ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ መጣልኝ። አሁን የፊቱ ለብቻው፣ የኋላው ለብቻው ነው። አንዱ ቢሄድ ሌላው ይይዛል። የፖምፓውን መያዣ አውቶ ፓርኮ አካባቢ ያለ ቶርኖ ቤት በልኩ ሠራልኝ። ቱቦዎቹን በሙሉ በአዲስ ተካሁ። ለኋላ ወንበርም የደኅንነት ቀበቶ አሰርኩ።

ቱቦዎቹ ውስጥ የገባውን አየር ያወጣነው ከልጄ ጋር ነው፤ አየር ከቀረ ፔዳሉ ይሰምጣል። እሷ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ ጎማው ሥር። «ርገጪ» እላታለሁ፤ ትረግጣለች። «ያዢ»፤ ትይዛለች። ትንሿን ብሎን ሩብ ዙር አላላታለሁ። ዘይቱ አረፋ እየተፋ በላስቲኩ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል። አጠብቃለሁ። «ልቀቂ።» ከፖምፓው ከሚርቀው ጎማ ጀምረን ወደ ቅርቡ መጣን። አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ፔዳሉን ረግጣ «አባዬ፣ ድንጋይ ሆነ!» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ተመልሳ ከኋላ የተቀመጠችው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ ይመርመር ይላል። ትክክል ነው። ያንን የአፈር ክምር ያየ ሰው ምርመራ ይቅር አይልም። ታዲያ ለቦሎ አንድ የምርመራ ጣቢያ ሄድኩ። የመረመረኝ ወጣት ትሁት ልጅ ነበር። ኮፋኖውን ከፈተና ፖምፓውን ትኩር ብሎ አየው።

«ይሄ ኦሪጅናል አይደለም» አለኝ።

«አዎ፣ አይደለም። የበፊቱ ሊገድለን ነበር» ብዬ የሆነውን ነገርኩት።

አዳመጠኝ። ከዚያ ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። «ይህንን የምጽፍበት ቦታ የለኝም። ወይ ወደ ነበረበት ይመለስ፣ ወይ...» ብሎ ዝም አለ። ልጁን አልወቅሰውም። የያዘው ወረቀት ላይ ያለው «አለ»፣ «የለም»፣ «ተቀይሯል» ብቻ ነው። «ተሻሽሏል» የሚል ሳጥን አልተሰጠውም።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመካከሉ ወረፋ የያዘ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ መከረኝ። «ወንድሜ፣ ምን አስለፈለፈህ? ጥቁር ቀለም ቀብተህ፣ ቆሻሻ ቀባ ቀባ አድርገህ አምጣው። ማንም አያየውም።» ለኔ አዝኖ ነው የተናገረው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ያ ምክር ነው። እውነቱን የተናገረ ሰው ሦስት ቀን ከሥራው ተስተጓጎለ። ዝም ብሎ ቢሸፍነው በአንድ ጠዋት ይጨርስ ነበር።

በመጨረሻ ቦሎው ተሰጠኝ። ፍሬኑ ግን የትም አልተጻፈም። ሊብሬዬን ያየ ሰው የመኪናዋን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ያገኛል እንጂ ፍሬኗ በማን፣ መቼ፣ በምን ዕቃ እንደተቀየረ አያገኝም። ነገ እኔ ባልኖር ልጄ ይዛት ብትሄድ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች።

ሌላም ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ይሄኛው የጭስ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የአሁን መኪና ኮምፒውተር ስላለው ይህን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ካርቡሬተር ግን ኮምፒውተር የለውም። ለጣሊያን አየር የተለካውን ቤንዚን ለጎንደር አየርም ያንኑ ያህል ይሰጣል። ቤንዚን ይበዛል፣ አየር ያንሳል። ጥቁር ጭስ ይመጣል፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ሽቅብ ላይ ያንቃል።

መድኃኒቱ ትንሽ ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ መሐሏ የተበሳች ቢጫ ቁራጭ አለች፤ ከጥፍር አትበልጥም። ቤንዚኑ የሚለካው በእሷ ቀዳዳ ነው። ላይዋ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር መቶኛ። እኔ 125 የሚለውን አውጥቼ 120 አስገባሁ። ልዩነቱ አንድ የራስ ፀጉር ቢያክል ነው። ለአራቱም ሲሊንደር እንዲሁ። ከሳምንት በኋላ ካንዴላውን ስፈታው ጥላሸቱ ጠፍቷል። አፉ በደንብ የተቆላ የገብስ ቆሎ መስሏል። ካንዴላ የሚያውቅ ሁሉ ያ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። «ኦሪጅናል» በሚለው ሚዛን ከሆነ ትክክለኛዋ ጢሷን እያቦነነች አራዳ ላይ የምትወጣው መኪና ናት። ጭሷ የጠራው ጥፋተኛ ናት ማለት ነው። የጭስ መለኪያ ማሽን ቢገባባት ግን እውነቱ በአንድ ደቂቃ ይታይ ነበር። ፍሬንም እንዲሁ ነው። የፍሬን መለኪያው ሮለር ላይ ወጥታ ብትለካ አራቱ ጎማ ስንት ስንት እንደሚይዝ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ቁጥር አያዳላም፤ የመኪናም ዕድሜ አያይም።

ልቅ ይሁን እያልኩ አይደለም። የመኪናውን ሞላ በመጋዝ ቆርጦ ዝቅ የሚያደርግ ሰው አለ። የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ አውልቆ በሌሊት ሰፈር የሚያናውጥ አለ። ከወደቀ መኪና ያወጣውን ሞተር ቁጥሩን ፍቆ የሚያስገባም አይጠፋም። እነዚህ ይቁሙ። አጥብቃችሁ ያዟቸው። እኔ የምለው ያ ሰውዬና እኔ አንድ ሳጥን ውስጥ አንግባ ነው። አሁን «ተቀይሯል» የሚለው ቃል ሁለታችንንም ይዞናል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ቅጽ ነው። ባለመኪናው ያደረገውን ማሻሻያ በራሱ እጅ የሚጽፍበት፤ የዕቃውን ደረሰኝና የሠራውን ባለሙያ ፊርማ የሚያያይዝበት። መርማሪው በማሽን ለክቶ ውጤቱን በቁጥር ይጻፍበት። አለፈ ከተባለ ሊብሬው ላይ አንድ መስመር ትግባ፤ «ፍሬን፣ ባለ ሁለት መስመር» ብላ ቀኗን ይዛ። ወደቀ ከተባለም ምክንያቱ ይጻፍ፣ ሰው አስተካክሎ ይመለስ። ይህ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ሐቀኛውን ሰው ከጥቁር ቀለሙ ያድነዋል።

ጊዜውም ይህን ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱን አልቃወምም። ግን አስቡት፤ ቀድመው የገቡት የነዳጅ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው። ጎንደር ውስጥ ታክሲውም፣ የነጋዴው ፒክአፕም፣ የኔዋ ጁሊያም እያረጁ ነው የሚሄዱት። ያረጀ መኪና ወይ ይሻሻላል ወይ ይገድላል። ሦስተኛ መንገድ አላየሁም። የመለዋወጫውን ነገር ብዙ አልልም፤ ለግል መኪና የሚመጣ አንድ ፖምፓና ለንግድ የሚመጣ ኮንቴይነር በአንድ ዓይን ባይታዩ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሰፈራችን ውስጥ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ረጅም ካቻቪቴ ወስደው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ሦስተኛው ቫልቭ ላልቷል» ይላሉ። ስንፈታው ሦስተኛው ነው። ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ሁሉ በጣሊያን ዘመን መጥተው እንደ እሳቸው ባሉ ሰዎች አፍ አማርኛ ሆነዋል። ሁለት ዌበር ካርቡሬተር በጆሮና በላስቲክ ቱቦ እኩል እንዲተነፍሱ አድርገው ያስተካክላሉ። ከሥራቸው የሚማር ልጅ ግን የለም። ልጆቹ «ይሄ ቀረ» ብለው ይተዉታል፤ ምክንያቱም ይህን የሚያውቅ ሰው የትም የሚመዘገብበት፣ ፊርማው የሚከበርበት ቦታ የለም። የምጠይቀው ቅጽ ላይ «የሠራው ባለሙያ» የሚል መስመር ቢኖር የጋሼ ፊርማ ዋጋ ያገኛል። ለከተማችን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተማሪዎችም ሳምንት አንድ ቀን ቢያስተምሩ ምንኛ ደስ ባላቸው። ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ወንበር ይስጡኝ እንጂ ገንዘብ አልፈልግም» ነው ያሉኝ።

ቅጹ ሲዘጋጅ መሞከሪያ መኪና ካስፈለጋችሁ የኔን አመጣለሁ። የሚቀጥለው ምርመራዬ ኅዳር ላይ ነው። የፖምፓውን ደረሰኝ፣ የቶርኖ ቤቱን ወረቀት፣ ያወጣኋትን ባለ 125 ቁራጭና የፈነዳችውን የኋላ ቱቦ በአንድ ካርቶን አስቀምጫቸዋለሁ። ይዣቸው እቀርባለሁ። ፔዳሉን ልጄ ትረግጥላችኋለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የጎንደር ነዋሪ