ደብዳቤ ለልጄ፦ ሃርፐርም እኮ ሐኪም ጋ ሄዳለች

ልጄ፣

ለወንድምሽ የጻፍሽለትን አነበበልኝ። አትቆጪው፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አይቼ ያፋጠጥኩት እኔ ነኝ። ከጓደኞችሽ ጋር በሌሊት ሰው የማይኖርበት ቤት ገብታችኋል። ወደ ምድር ቤቱ ስትወርዱ ደረጃው ከድቶሽ ወድቀሻል፤ ጭንቅላትሽንም ተመትተሻል። ይህ ሳያንስ ምን ብለሽ ጻፍሽለት? «እንደ ሃርፐር ጉም ጉም እያለብኝ ነው፤ ለእማዬ እንዳትነግራት።» ጎኑ ላይ የሚስቅ ፊት ለጥፈሻል።

እኔን አላሳቀኝም። ሐኪም ጋ ሂጂ። ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቋርጠሽ ብትሄጂ ቅር አይለኝም፤ ቀሪውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።

ያቺ የልብ ወለድ መርማሪሽ ሃርፐር ማን እንደሆነች የማላውቅ መስሎሽ ይሆናል። አልጋሽ ሥር በካርቶን ትተሻቸው የሄድሽውን መጻሕፍት እያነበብኩ ነው። መጀመሪያ ልጄን እንደዚያ ያፈዘዛት ምንድን ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። አሁን ግን ማቆም አቅቶኝ ነው የምቀጥለው። አባትሽ «ኧረ መብራቱን አጥፊው» ይለኛል። አንቺን ስልሽ የነበረውን ቃል በቃል!

ይኸው፣ ማንበቤን እንድታምኚ። ተከታታዩ ግሬይዎከር ይባላል፤ ደራሲዋ ካት ሪቻርድሰን ናት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፤ ዘጠነኛውና የመጨረሻው በ2014። ሃርፐር ብሌን አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ የምትኖር የግል መርማሪ ናት። አንድ ተራ ወንጀለኛ ክፉኛ ይደበድባትና ለሁለት ደቂቃ ትሞታለች። ሆስፒታል ስትነቃ ሌላው ሰው የማያየው ግራጫ ጉም ይታያታል፤ በጉሙ ውስጥም የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለውን ያንን ስፍራ ግሬይ ይሉታል። ኧርባን ፋንታሲ፣ የከተማ ምትሃታዊ ልብ ወለድ፣ ስትዪኝ ሰይፍና ዘንዶ መስሎኝ ነበር። ለካ ኪራይ የምትከፍል፣ ደንበኛ የምትጠብቅ፣ ኬኦስ የምትባል ፌሬት፣ ቀጭን ትንሽ የቤት እንስሳ፣ የምታሳድግ ሴት ናት። እኔ የወደድኩት እሱን ነው። የሙት መንፈስ ስላየች የዕለት ኑሮዋ አልቆመላትም። አንዱ ደንበኛዋ የጠፋ አሮጌ የሙዚቃ ኦርጋን ፈልጊልኝ ይላታል፤ ጉዱ በኋላ ነው የሚወጣው።

ጎበዝ ናት፤ አልካድኩም። አትለማመጥም። የምትፈራውንም ነገር ፈርታ ትጋፈጠዋለች እንጂ አልፈራም ብላ አትዋሽም።

ግን አንቺ ገጽ እየዘለልሽ ነው እንዴ ያነበብሽው? ያ ጉም ሲታያት መጀመሪያ ምን አደረገች? ሐኪም ጋ ሄደች! የሚታያትን ነገረችው። ስለ መናፍስት ወደሚያውቁት ባልና ሚስት፣ ወደ ቤንና ማራ፣ የላካትም እሱ ነው። እስቲ አስቢው፤ ጠንቋይዋን ማራን ያገኘችው እንኳ በሐኪም በኩል ነው። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ጠንቋይ። አንቺ ሁለቱንም ዘለሽ ወንድምሽ ጋ ሄድሽ። እሱ ደግሞ ደም ሲያይ ራሱ የሚወድቅ ልጅ ነው፤ ታውቂዋለሽ።

ስለ ደም መጣጮቹ ቫምፓየሮች በስልክ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ይቀየር ነበር። እኔን የያዘችኝ ግን ሌላ ሰው ናት። በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ኮሌጅ ያለ ልጇ የጠፋባት እናት አለች አይደል? ካሜሮን የሚባለው ልጅ። ልጁ ቫምፓየር ሆኖ ተደብቋል፤ እናትየዋ ምንም አታውቅም። ታሪኩ ወደፊት ይሮጣል፣ ጥርስ ይፋጫል፣ እኔ ግን እዚያችው ሴት ላይ ቀርቻለሁ። ልጇ የት እንደገባ ለማወቅ ለማታውቀው ሰው ገንዘብ ትከፍላለች። አንቺ መርማሪዋን ስታነቢ እኔ የማነበው ደንበኛዋን ነው። እናትሽ መርማሪ መቅጠር እንዳያምራት ስልክሽን አንሺ።

የሃርፐርን እናት ግን አልወደድኳትም። ልጅቷን በግድ ካልደነስሽ ስትል ያሳደገች ሴት። አንብቤ ስጨርስ ለአባትሽ «እኔ ልጆቼን ምን አስገድጄ አውቃለሁ?» አልኩት። «ከሒሳብ በስተቀር» አለኝ። ሒሳብ ሌላ ነው።

ወደ ምድር ቤቱ ልመለስ። ማን ወደዚያ እንዳወረደሽ አውቃለሁ፤ ሦስተኛው መጽሐፍ ነው። ከሲያትል ፓዮኒር አደባባይ ሥር ያለው ከተማ። እኔም ሳነበው ነገሩ እውነት ነው ወይ ብዬ አጣርቻለሁ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1889 አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ እሳት ላይ የተጣደ ሙጫ ገንፍሎ ተያያዘና የከተማዋን መሃል በላው። ቤቶቹ እንጨት ነበሩ። እንደገና ሲሠሩ በጡብና በድንጋይ እንዲሆን ተወሰነ። ከተማው ጎርፍ ስለሚያስቸግረው መንገዶቹን ከፍ አደረጓቸው። ባለ ሱቆቹ ግን መንገዱን አልጠበቁም፤ በድሮው ከፍታ ሠርተው ነበር። ለተወሰነ ጊዜ ሰው ከመንገድ ወደ ሱቅ በር በመሰላል ይወርድ ነበር አሉ። በኋላ የእግረኛው መንገድም ከላይ ተሸፈነ፤ የድሮው መስኮትና በር ከሥር ቀረ።

ያ ቦታ ዛሬ አስጎብኚ አለው። መብራት አለው። የሚጎበኙትም የተጠገነውን ክፍል ነው። አንቺ የወረድሽበት ምን ነበረው? በሰበሰ እንጨት ላይ አንዲት የስልክ መብራት። መንፈስ ቢኖር እንኳ ደረጃው ይቀድመዋል፤ ደግሞም ቀድሞታል።

አሁን በደንብ ስሚኝ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ብዥ ሊልበት ይችላል። ብርሃን ይረብሸዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሐሳቡ ይበታተናል። ሐኪሞች የአንጎል መናወጥ የሚሉት ነው፤ ራስን ሳይስቱም ይመጣል። ብዙ ጊዜ በዕረፍት ይድናል። ውስጥ ውስጡን መድማት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከውጭ አይታይም። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰሽ፣ አንዱ የዓይንሽ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ እጅ እግርሽ ከደነዘዘ፣ ንግግርሽ ከተኮላተፈ ወይም ከእንቅልፍ መንቃት ካቃተሽ ቀጠሮ ምናምን የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ከእነዚህ አንዱም ባይኖር፣ ጉሙ ብቻውን በቂ ነው። ሐኪም ጋ ሂጂ።

እስክትታዪ ድረስ አስፕሪን እንዳትወስጂ፤ ደም ያቀጥናል። ብስክሌቱንም አሳርፊው። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ መመታት ነው አደገኛው። ዛሬ ማታ ብቻሽን አትደሪ። ያቺን ረጅሟን ጓደኛሽን ጥሪያት፤ እሷ ከሁላችሁም ትሻላለች።

ደግሞ አንድ ነገር። ስለ ጉሙ ለእኔ ያልነገርሽኝ ለምን እንደሆነ ሳስበው አደርኩ። ትቆጣለች ብለሽ ብቻ አይመስለኝም። «ምንም የለም፣ ተኚ» እላለሁ ብለሽ ነው አይደል?

የአያትሽን ነገር ታውቂያለሽ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ማታ ማታ ከወንበሩ ጋር ታወራ ነበር። ያ አንድ እግሩ የሚወዛወዘው፣ አሁን አጎትሽ ቤት ያለው ወንበር። አጎትሽ ይስቅ ነበር፤ ትልቋ አክስትሽ ታለቅስ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። «ዛሬ ደግሞ ዘገየህ» ትለዋለች። ከዚያ ዝም ትላለች፤ ልክ መልስ እንደሚሰማ ሰው። ከዚያ ትስቃለች። እንዴት እንደምትስቅ ላስረዳሽ አልችልም። አባቴ በሕይወት ሳለ እንኳ እንደዚያ ስትስቅ የሰማኋት ጥቂት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ገብቼ «እማዬ፣ ማንም እኮ የለም» አልኳት። አልተቆጣችም። «አንቺ አይታይሽማ» አለችኝና መጋረጃውን ማስተካከል ጀመረች። ከዚያ ቀን በኋላ በሩን እየዘጋች ነበር የምታወራው።

ያን ጊዜ እርጅና ነው ብለን ደመደምን። ከብዙ ዓመት በኋላ ዴዊ ሪስ የሚባል የዌልስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመውን ጥናት አነበብኩ። ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች አነጋግሯል። ወደ ግማሽ የሚጠጉት የሞተውን ሰው አይተዋል፣ ሰምተዋል፣ ወይም አጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸዋል። ብዙዎቹን አጽናንቷቸዋል እንጂ አላስፈራቸውም። አብዛኞቹ ደግሞ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እዚያ ላይ ስደርስ መጽሔቱን አስቀምጬ ወጣሁ። እናቴ እኮ ነግራን ነበር። እሷ አልደበቀችም። በሩን ያዘጋናት እኛ ነን።

ዛሬ ብትኖር የምጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ ምን ብሎሽ ነው እንደዚያ ያሳቀሽ? አባቴ ቀልድ አያውቅም ነበር። ወይም እኛ ፊት አይቀልድም ነበር። ሃርፐርን ሳነብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይኸው ነው። ያቺ ልጅ የሞተውን ሰው እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ታናግረዋለች። ምን እንደሚፈልግ ትጠይቀዋለች። እኔ ከገዛ እናቴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ አልጠየቅኩም። አክስትሽን ባለፈው ሳነሳባት «ተይው አሁን» አለችኝ፤ ግን ስልኩን ቶሎ አልዘጋችም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሐኪም።

የታየሽን ለእኔ ብትነግሪኝ አልስቅብሽም። ቀለሙ ምን እንደሚመስል፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ዓይንሽን ስትጨፍኚ ይጠፋ እንደሆነ እጠይቅሻለሁ። እነዚህን ሐኪሙም ይጠይቅሻል፤ ስለዚህ አሁኑኑ ወረቀት ላይ ጻፊያቸው። በስንት ሰዓት እንደወደቅሽ፣ በየትኛው ጎንሽ፣ ከዚያ በኋላ የማታስታውሺው ደቂቃ ካለ። «ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳትጀምሪለት። እንደ ሃርፐር የሚታይሽን እንዳለ ንገሪው፤ የመጽሐፉን ስም መጥራት ግን አያስፈልግም።

ሌላው፣ የምትኖሪበት ክፍል ማሞቂያ በጋዝ ነው ብለሽኝ ነበር። አስፈትሺው። እ.ኤ.አ. በ1921 አንድ የአሜሪካ የዓይን ሐኪም የጻፈው ታሪክ አለ። አንድ ቤተሰብ አሮጌ ቤት ተከራይቶ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሁሉም ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ኮቴ ይሰማሉ። ሰው ይታያቸዋል። የቤት ውስጥ አትክልቶቻቸው ደረቁ። በመጨረሻ ሲመረመር ምድጃው ተበላሽቶ ጭሱን ወደ ቤቱ እየመለሰ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አለ፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ነገር ነው። ግዢው። ገንዘብ ካነሰሽ ንገሪኝ፤ ለመጽሐፍ አታውዪው እንጂ እልካለሁ።

ባዶ ቤት መግባት ቀርቷል። ቀን ነው፣ ብዙ ነን፣ ባለቤቱን እናውቀዋለን የሚለውንም አልሰማም። ሃርፐር እንኳ ጓደኛዋ ኩዊንተን አላት፣ ቤንና ማራ አሏት። ያንቺ ጓደኞች ወድቀሽ እያዩ ታክሲ ጠርተው ሐኪም ጋ ያልወሰዱሽ ናቸው። ይህን አልረሳላቸውም፤ ረጅሟንም ጨምሮ። ቢሆንም ዛሬ ማታ ጥሪያት።

እንደማትሰሚኝ ሲመስለኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጽሕፈቱ እዚህ ጋ የተበላሸው ለዚያ ነው። አንቺ ጎበዝ ነሽ። ትንሽ ሆነሽም ጉልበትሽ ተልጦ ዝም ትዪ ነበር፤ ካልሲሽ ላይ ደሙን የማገኘው እኔ ነበርኩ። አሁን ካልሲሽን የማጥበው እኔ አይደለሁም። ስለዚህ መናገር አለብሽ።

ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ሂጂ። የሚልሽን ለወንድምሽ ሳይሆን ለእኔ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ስልኩን ይዤ ነው የምውለው። ካርቶኑ ውስጥ ስድስተኛው መጽሐፍ የለም፤ ወስደሽው ከሆነ ላኪልኝ። አምስተኛውን አባትሽ ነጥቆኛል፤ መብራት የሚያመሸው አሁን እሱ ነው። መጨረሻው ላይ ምን እንደሚሆን አንዳችሁም እንዳትነግሩኝ።

የምትወድሽ
እናትሽ