ራይቦዞም ወደ ኋላ ሲንሸራተት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በቅርቡ ቫይረስን «በጣም ቀላል ነገር» ብላችሁ ጽፋችኋል። በዚህ አልስማማም።

ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «አበበ በሶን ገዝቶ በላው» ብዬ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ቃል ሦስት ፊደል ነው። በሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞምም አር ኤን ኤን፣ ማለትም የፕሮቲኑን መመሪያ፣ የሚያነበው ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠረ ነው። «በሶን» ላይ ስደርስ ጠመኔዬን አንድ ፊደል ወደ ኋላ መለስኩና ቀጠልኩ፦ «ንገዝ፣ ቶበላ»። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለእኛ ትርጉም የለውም። ለቫይረሱ ግን ሌላ ፕሮቲን ነው።

ኤች አይ ቪ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አር ኤን ኤው ላይ የሚያንሸራትት ቦታ አለ፤ ከፊቱ ያለው እጥፋት ደግሞ ራይቦዞሙን ያዝ ያደርገዋል። ከ20 ራይቦዞሞች 1 ያህሉ ይንሸራተታል። ያልተንሸራተቱት የቫይረሱን አካል መገንቢያ ብቻ ይሠራሉ። የተንሸራተተው ኤንዛይሞቹንም ይጨምራል። ነገሩ እንደ ወጥና ጨው ነው፤ መጠኑ ከተዛባ አዲሶቹ ቫይረሶች ሴል የመበከል አቅማቸው ይዳከማል። ኮሮናም በዚሁ ስልት ይጠቀማል። ተመራማሪዎች መንሸራተቱን የሚያዛባ መድኃኒት የሚፈልጉትም ለዚህ ነው።

እባካችሁ ይህን በአማርኛ ሰፋ አድርጋችሁ አውጡልን። ልጆቹ ጠምቷቸዋል። ደወል ከተደወለ በኋላ አንዷ ተማሪዬ በር ላይ ጠብቃኝ «ቲቸር፣ ራይቦዞሙ ግን የራሳችን ነው አይደል?» አለችኝ።

አዎ፣ የራሳችን ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ