ጄኔራል ለገሰ ተፈራን ልጆቻችን ይወቋቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

አዳማ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ሰሞኑን ስምንተኛ ክፍል ያለውን ልጄን «ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራን ታውቃቸዋለህ?» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ከልቤ አዘንኩ።

ጄኔራል ለገሰ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ኤፍ 5 እያበረሩ የጠላትን ሚጎች አየር ላይ የጣሉ ጀግና ናቸው። በኋላ የእሳቸውም አውሮፕላን ተመትቶ ተማረኩ። 11 ዓመት ሶማሊያ ታሰሩ! ልጄን ያስደነገጠችው ይቺ ቁጥር ናት። በጣቱ ቆጠረና «እኔ ሦስት ዓመቴ እያለ ታስረው ዛሬ ተፈቱ ማለት ነው» አለኝ።

የደብረ ዘይት አየር ኃይል ለእኛ ቅርብ ነው። በዚያ ዘመን ያገለገሉ አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች አርጅተዋል። እባካችሁ፣ ሳያመልጡን ሄዳችሁ አነጋግሯቸው።

አክባሪያችሁ፣ ከአዳማ