ቆጠራው ከየት ይጀምራል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የካቲት 12 በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ በሦስት ቀን የፈሰሰውን ደም እናነሣለን፤ ይገባልም። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የኢጣሊያ ፋሺስቶች ስለ እኛ ምን ተነግሯቸው እንደ መጡ ግን እምብዛም አንጠይቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙሶሊኒ ጦሩ መረብን ሊሻገር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1935፣ «ከኢትዮጵያ ጋር 40 ዓመት ታግሠናል፤ አሁን ይበቃል» አለ። ቁጥሩ ብዙም አልተሳሳተም፤ ከአድዋ ወዲህ 39 ዓመት ተኩል ሆኖ ነበር። ተንኮሉ ያለው ቆጠራው በተጀመረበት ቦታ ላይ ነው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቢኬድ የ1889 የውጫሌ ውል ይመጣል። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርግባቸዋል። ይህ ሲዘለል ወራሪው ተበዳይ፣ አገሩን የጠበቀው ባለዕዳ ሆኖ ቁጭ ይላል። አንድም የሐሰት ዓረፍተ ነገር መጻፍ አላስፈለገም።

ይህን በኢጣሊያ ልጆች ልብ ውስጥ ያስገባው የትምህርት ቤቱ አሠራር ነው። በ1926 «ባሊላ» የተባለው ማኅበር ተቋቋመና ከ8 እስከ 14 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ይሰለፉ ጀመር። በ1929 በወጣው ሕግ መሠረት በአንደኛ ደረጃ የቀረው አንድ የመንግሥት መጽሐፍ ብቻ ሆነ፤ መምህሩ ቢጠራጠር እንኳ ከምኑ ያመሳክር? በ1931 የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ለሥርዓቱ እንዲምሉ ታዘዙ፤ ከ1,200 ገደማ እምቢ ያሉት 20 አይሞሉም። ልጁ በደብተሩ ራስጌ ቀን ሲጽፍ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 የሚቆጠረውን ዓመት በሮማ ቁጥር ይጨምር ነበር። ወረራው ሲጀመር የኢትዮጵያ ካርታ ክፍል ውስጥ ተሰቀለ፤ ጦሩ ወደፊት በገፋ ቁጥር ተማሪዎች ትንንሽ ባንዲራ ይሰኩበታል። በ1926 በ10 ዓመቱ ባሊላ የገባ ልጅ በየካቲት 12 ጊዜ ጠመንጃ የሚይዝ ጎልማሳ ሆኗል።

በኤርትራ ደግሞ ለአገሬው ልጅ የትምህርት ጣሪያው 4ኛ ክፍል ነበር። የመርዝ ጋዙንም ነገር የኢጣሊያ መንግሥት በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ 60 ዓመት ቆይቶ።

የታሪክ መምህራን ሆይ፣ አድዋን ስታስተምሩ 17ኛውን አንቀጽ በሁለቱም ቋንቋ እንዳለው ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ቀጥሎ ተማሪዎች ከያዙት መጽሐፍ፣ የእኛው የታተመውም ቢሆን፣ በደል የሚተርክ አንድ ምዕራፍ ይምረጡ። ቆጠራው ከየትኛው ዓመት ይጀምራል? ከዚያ በፊት ባሉት አሥር ዓመታትስ ምን ሆኖ ነበር? ሥራው ሁለት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁለተኛ መጽሐፍ ከሌለ ግን አይሠራም፤ ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍት አስቀድሞ ማስወጣት ነው።

አክባሪያችሁ
አንድ የታሪክ መምህር