የመምረጫ ዕድሜ ወደ 16 ዓመት ዝቅ ይበል

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የመምረጫ ዕድሜ ከ18 ወደ 16 ዓመት ይውረድ የሚለውን ሐሳብ «ልጆች ምን ያውቃሉ?» ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት ጀምሮ መቀጠርን ስለሚፈቅድ፣ እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ቀን እየሠራ ማታ የሚማር የ16 ዓመት ወጣት ከደመወዙ ግብር ሊቆረጥበት እየቻለ ግብሩን የሚወስኑለትን ተወካዮች መምረጥ ግን አይችልም። ተማሪዎቼ «እኛስ መቼ ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣለሁ። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንኑ መብት ሰጥታለች። የመምረጫ ዕድሜን 18 ዓመት ያደረገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረታዊ መብቶችን በሚዘረዝረው ምዕራፍ ሦስት የሚገኝ በመሆኑ ማሻሻያው የሁሉንም ክልሎች ምክር ቤቶች ይሁንታና የሁለቱን የፌዴራል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነም ውይይቱ ከአሁኑ፣ ያውም ወጣቶቹ ራሳቸው ባሉበት፣ እንዲጀመር አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከጎንደር