ለስድስት ጎራሿ ሽጉጥ ታሪክ ለደከማችሁልን ሁሉ

ጎንደርና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ በአንዲት አሮጌ ሽጉጥ ሰበብ ጊዜያችሁንም ዐይናችሁንም ያልነፈጋችሁን ወዳጆች፣ እግዜር ይስጥልን። በጣሊያን ጦርነት ዘመን ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈች አሁን ታውቋል። የእያንዳንዳችሁን ውለታ ዘርዝረን የምንጽፈው ለወጉ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ የተኛበት ቤት በአገራችን ጥቂት አይደለምና፣ የእናንተ አሠራር ለሌላውም ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ምስጋና ለጠመንጃ ጠጋኙ ጋሼ ይድረስ። አፈሙዙን ወደ አፈር አዙረው፣ በቀኝ ጎኗ ያለችውን የጥይት በር ከፈቱና ተሽከርካሪውን እያዞሩ ስድስቱንም ጉድጓድ በቀጭን እንጨት አንድ በአንድ ፈተሹ። አራተኛው ውስጥ ጥይት ተቀምጧል! ሰማንያ ዓመት የተኛ ጥይት ሞቷል ተብሎ አይታመንም፤ በሚስማር ሊያወጡት የሚሞክሩ ሰዎች ጣታቸውን ያጣሉ። ጥይቱን ለፖሊስ አስረክበው ነው ወደ ሥራው የገቡት። ከዚህም የሚበልጠው ውለታቸው ግን «ወልውሉልን» ስንላቸው እምቢ ማለታቸው ነው። የፋብሪካ ምልክት ጥልቀቱ ከፀጉር አይበልጥም። ብርጭቆ ወረቀት ወይም ሎሚና አመድ አንድ ጊዜ ካለፈበት ታሪኩ አብሮ ይታጠባል። የተጠቀሙት ለስላሳ ጨርቅና አንዲት ጠብታ የሲንጀር ዘይት ብቻ ነው።

ፎቶ ያነሳኸው ወንድማችን፣ ብልጭታውን አጥፍተህ መብራቱን ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር ሊተኛ እስኪደርስ ዝቅ አድርገህ ባታበራው ኖሮ «1917» የሚለው ዓመት አይነበብም ነበር። ከፊት የበራ ብረት ያብለጨልጫል እንጂ አያሳይም።

ምልክቶቹ ሲነበቡ ሽጉጧ በብሬሺያ የተሠራች የጣሊያን ቦዴዮ፣ የ1889 ሞዴል፣ 10.35 ሚሊ ሜትር ሆና ተገኘች። «የእንግሊዝ ዌብሊ ናት» ስትሉ የተከራከራችሁንም እናመሰግናለን፤ ክርክሩ መለያውን አስተምሮናል። ዌብሊ ወገቡ ላይ ተሰብሮ ይከፈትና የስድስቱንም ቀለህ በአንድ ጊዜ ይተፋል። ቦዴዮ አይሰበርም፤ በጎኑ በር አንድ በአንድ ይጎርሳል።

«የጎንደር ጣሊያኖች አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ያስረከባት ናት» የሚለው የቤታችን ወግም እዚሁ ላይ ቆመ። (መቼም ጎንደር ውስጥ የጄኔራል ያልሆነ ሽጉጥ አልተማረከም።) ቦዴዮ ሁለት ዓይነት ነው። የመኮንኖቹ አፈሙዝ ክብ፣ ምላጩም ጠባቂ ቀለበት ያለው ነው። የተራ ወታደሩ አፈሙዝ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ምላጩ ደግሞ ያለ ቀለበት ወደ ፊት የሚታጠፍ ነው። የኛዋ ታጣፊ ናት። ቅር ያላችሁ ሽማግሎች ነበራችሁ፤ ማስረጃውን አይታችሁ በመቀበላችሁ ዕድሜ ይስጥልን።

ከብረቱ ይልቅ ብዙ የተናገረው የቆዳ አፎቱ ነው። ክዳኑ ውስጥ በቀለም የተጻፈ ነገር ነበረበት፤ ቆዳውን ቅባት ሳይነካው በመቆየቱ ተረፈ። ቅባት ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ ቀለሙንም ይውጠዋል። ጽሑፉ የአባት ስም፣ የከተማ ስምና «1912» የሚል ቁጥር ነው። ሁላችንም ዓመተ ምሕረት መስሎን ስንባዝን፣ ጣሊያንኛ የምታነብልን እኅታችን የወታደሩ የትውልድ ዓመት መሆኑን ነገረችን። የጣሊያን ጦር ምልምሎቹን የሚመዘግበው በትውልድ ዓመትና በምልመላ አውራጃ ነው። ስለዚህ የሽጉጥ ቁጥር ብቻ ይዞ «የማን ነበረች?» ብሎ መጻፍ ድካም ነው፤ የተራ ወታደር መሣሪያ የክፍሉ ንብረት ነው፣ መዝገቡም የሚከፈተው በሰው ስም ነው። ስም፣ የትውልድ ዓመትና አውራጃ ሲሟሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፈውን የምልመላ መዝገብ የየአውራጃው መንግሥታዊ ቤተ መዛግብት ይፈልጋል። ደብዳቤውን በጣሊያንኛ የጻፈችልንም እሷው ናት።

መልሱ ሰውየው በጥቁር ሸሚዝ (በፋሺስቱ ሚሊሺያ) ሻለቃ ውስጥ ሆኖ ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ ባለው በር፣ ቁልቋልበር ላይ መማረኩን የሚናገር ሲሆን፣ ቀኑ 21-11-1941 ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በእኛ አቆጣጠር 11ኛው ወር ሐምሌ ስለሆነ፣ አንዳንዶቻችን ሐምሌ 1941 ዓ.ም. ብለን አንብበነው ነበር፤ ጦርነቱ ካለቀ ከሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ትክክለኛው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ቁልቋልበር የወደቀችበት፣ ጎንደር ነፃ ልትወጣ ስድስት ቀን የቀራት ዕለት።

የመጨረሻውን ቋጠሮ የፈቱት መሪጌታ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. የተጻፈ የውርስ ክፍፍል ወረቀት ከደብሩ ሣጥን አውጥተው አሳዩን። «ቁልቋልበር የተገኘች ስድስት ጎራሽ» ይልና ቁጥሯን በግእዝ አኃዝ ያስከትላል። የሽጉጧ ቁጥር በ67 ያልቃል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቀለሙ ስለደበዘዘ ፷፮ ይሁን ፷፯ አይለይም ነበር። መሪጌታ በዚያው ወረቀት ወደ ላይኞቹ መስመሮች ተመልሰው፣ ያው ጸሐፊ «ሰባት ላም» ብሎ በፊደል ከጻፈ በኋላ አጠገቡ ያስቀመጠውን ፯ አገኙ። እግሩ ወደ ግራ የታጠፈ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያስተያዩት የሁለቱም አጣጣል አንድ ሆነ። ከማረካት አርበኛ እጅ ከገባች በኋላ አንድ ጊዜ በብድር መያዣነት ወጥታ መመለሷንም ያወቅነው ከዚሁ ወረቀት ጀርባ ነው።

በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ሳናስመዘግብ ወዲያና ወዲህ እንዳንላት አስቀድማችሁ የመከራችሁን የፖሊስ አባላትም እናመሰግናለን። ሙሉ ቁጥሯን እዚህ አላወጣንም፤ ቁጥር በአደባባይ ከወጣ ሌላ ሽጉጥ ላይ ቀርጾ «ያቺ ናት» የሚል አይጠፋም። የወታደሩንም ስም ዘመዶቹ ፈቃዳቸውን እስኪሰጡ ይዘነዋል። መሪጌታ፣ ወረቀቱን በሁለት ቅጂ አስገልብጠናል፤ ዋናውን ለእሑድ ወደ ሣጥኑ እንመልሳለን።

ቤተሰቡ፣ ጎንደር